«ለሕፃኑ ጥቅም ሲባል»፦ ወላጆች ከተለያዩ በኋላ ስለ ልጆች የሚሰጡ ፍርዶች ሲመረመሩ

ባልና ሚስት ሲለያዩ ንብረታቸውን ለማካፈል ሕጉ ብዙም አይቸገርም። የግል የሆነውን ከጋራው የሚለይበት፣ ዕዳውን የሚደለድልበት፣ የተበደለው ወገን ካሣ የሚያገኝበት አንቀጽ በየቁጥሩ ተሰድሮ ይገኛል። ነገሩ ወደ ልጁ በዞረ ጊዜ ግን ዳኛው በእጁ የሚቀርለት አንድ ሐረግ ነው፤ ይኸውም «የሕፃኑ ደኅንነትና ጥቅም» የሚለው ነው። ይህ ሐረግ ዛሬ በአዲስ አበባም፣ በዋሽንግተንም፣ በበርሊንም ችሎት ይነበባል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ እ.ኤ.አ. በ1989 ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በሦስተኛው አንቀጹ አስፍሮታል፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ተቀብሎታል። የሚቃወመው ሰው የለም። ይህ ጽሑፍ የሚነሣውም ከዚሁ ነው፤ ማንም የማይቃወመው ሐረግ ማንንም የማያስገድድ ሐረግ ሊሆን ይችላልና።

ለማሳየት የምሞክረው ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ሐረጉ በራሱ ምንም ነገር አይወስንም። የፍርዱ ዋጋ የሚለካው ከሐረጉ ሥር ስለዚያ ስለ አንዱ ልጅ ተመርምሮ በተጻፈው ፍሬ ነገር ነው። ፍሬ ነገሩ በጎደለበት ቦታ ክፍተቱን የሚሞላው ዳኛው ራሱ ያደገበት ቤት ነው። ዳኛው ካደገበት ቤት እጅግ የራቀው ደግሞ የስደተኛው ቤት ስለሆነ፣ በዚህ ጉዳይ ከማንም በላይ የሚያሰጋን እኛን ነው።

ስለ ልጅ ፍርድ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የምናስታውሰው የንጉሥ ሰሎሞንን ፍርድ ነው። ብዙ ጊዜ ግን አንድ ነገር እንዘነጋለን። ንጉሡ ሰይፍ ያስመጣው የተሰወረ እውነት ለማውጣት ነበር፤ በፊቱ ከቆሙት ከሁለቱ ሴቶች አንዲቱ እናት አልነበረችም። ዛሬ በችሎት ፊት የሚቆሙት ሁለቱም ወላጆች ናቸው። ሰይፉ ቢመዘዝ ሁለቱም ይጮኻሉ። ዳኛው የሚያወጣው የተሰወረ እውነት የለም፤ የሚጠየቀው ገና ያልመጣውን ዘመን እንዲተነብይ ነው። አሜሪካዊው የሕግ ሊቅ ሮበርት ምኑኪን እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ችግር በግልጽ አስቀምጦታል። እርሱ እንደሚለው፣ ዳኛው በእርግጠኝነት ለመወሰን ልጁ ከአባቱም ሆነ ከእናቱ ጋር ቢኖር ምን እንደሚገጥመው ማወቅ፣ ከዚያም ከሚገጥመው ሁሉ የትኛው እንደሚሻል የሚመዝንበት የጋራ መለኪያ ማግኘት ነበረበት። ሁለቱም የሉትም።

፩. ልጅ የማን ነው ሲባል እንደ ኖረ

ሐረጉ ከመምጣቱ በፊት ሕጉ ቁርጥ ያለ መልስ ነበረው። በእንግሊዝ አገር የቆየው ሕግ ልጅን የአባት ያደርግ ነበር። ደራሲዋ ካሮላይን ኖርተን ባሏ ሦስት ልጆቿን በወሰደባት ጊዜ፣ ልታያቸው እንኳ የምትጠይቅበት ሕጋዊ መሠረት እንደሌላት ተገነዘበች። በጽሑፍ ያካሄደችው ትግል ትልቅ ድርሻ ያበረከተለት የ1839ኙ አዋጅ፣ እናት ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆቿን እንድትይዝ፣ ከዚያ በላይ ያሉትንም እንድታይ ለመጠየቅ ፈቀደላት፤ ዝሙት የተመሰከረባት እናት ግን ከዚህ መብት ውጭ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ ቀስ በቀስ ወደ እናት አዘነበለ። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ለጋ ሕፃን ለእናቱ ይገባል የሚለውን ግምት ለብዙ ዘመን ሲሠሩበት ቆዩ። የጾታ እኩልነት ጥያቄ በተጠናከረበት ጊዜ ይህ ግምት ደግሞ በተራው ተናጋ፤ የአላባማ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1981 ከሕገ መንግሥቱ የእኩልነት መርሕ ጋር ይጋጫል ሲል ሻረው። ካሊፎርኒያም ቀደም ብላ በ1979 ባወጣችው ሕግ ሁለቱ ወላጆች በጋራ የሚያሳድጉበትን መንገድ ከፍታ ነበር።

የእኛም አገር ሕግ ከዚሁ ጉዞ የራቀ አልነበረም። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀውና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ አለቃ ካደረገ በኋላ፣ በአንቀጽ 681 ስለ ፍቺ ሲናገር የልጆቹ ጥቅም ብቻ እንዲታይ ያዝዛል፤ ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀርም ልጆች እስከ አምስት ዓመታቸው ከእናታቸው ዘንድ እንዲቆዩ ይላል። ውሳኔውንም በመጀመሪያ የሚሰጡት የቤተ ዘመድ የሽምግልና ዳኞች ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የፍቺን ውሳኔ ለፍርድ ቤት መለሰ፤ የባልን አለቅነት አስቀረ፤ የአምስት ዓመቱንም ግምት ሳይደግመው አለፈ። ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አወጡ።

እነዚህ ለውጦች በጎ እንደሆኑ አልጠራጠርም። ነገር ግን አንድ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ቀድሞ ሕጉ አድልዎውን በግልጽ ይናገር ስለነበር፣ የተበደለው ወገን አንቀጹን ጠቅሶ ሊሟገት፣ ሕግ አውጭውንም ሊሞግት ይችል ነበር። አሁን አድልዎ ሲኖር የሚኖረው በዳኛው ግምት ውስጥ ተሸሽጎ፣ የሕፃኑን ጥቅም ልብስ ለብሶ ነው።

፪. ያልተቀባው ቤትና የጎረቤት ሐሜት

ይህን አባባል ከሁለት የታወቁ ፍርዶች ጋር እናገናዝበው።

የመጀመሪያው የአዮዋ ግዛት ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1966 የወሰነው የፔይንተርና የባኒስተር ጉዳይ ነው። በፍቺ የመጣ አይደለም፤ እናቲቱ በመኪና አደጋ ሞታ ነበር። ሆኖም ሐረጉ እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ፍርድ አላውቅም። አባትየው ሚስቱን በአደጋው ካጣ በኋላ ትንሹን ልጁን በእናቱ ወላጆች ዘንድ፣ በአዮዋ ገጠር፣ በአደራ አስቀመጠው። ቆይቶ እንደገና አገባና ልጁን መልሱልኝ አለ። አያቶቹ እምቢ አሉ። የሥር ፍርድ ቤት ለአባት ፈረደ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ግን ሻረው። ፍርዱን ሲያነቡ የሚያስደንቀው፣ አባትየው ልጅ ለማሳደግ ብቁ አይደለም የሚል ቃል አለመኖሩ ነው። ይልቁንም ዳኞቹ ሁለት ቤቶችን ያወዳድራሉ። የአያቶቹ ቤት የተረጋጋ፣ የተለመደ፣ የመካከለኛው ምዕራብ ጨዋ ቤት ነው ይባላል። የአባትየው ቤት ደግሞ በካሊፎርኒያ ያለ፣ ውጪው ያልተቀባ፣ ግቢው ያልታጨደ ሣር የበዛበት፣ ባለቤቱም ጽሑፍና ፎቶግራፍ የሚያዘወትር፣ ነገ ምን እንደሚሠራ የማይታወቅ ሰው ነው። ዳኞቹ በአባት ቤት የልጁ ኑሮ አስደሳችና አእምሮን የሚያነቃቃ ሊሆን እንደሚችል ያምናሉ፤ ቢሆንም እርጋታው ይበልጥብናል ይላሉ። ስለ ልጁ የተሰማ የባለሙያ ምስክርነት እንደ ነበረ እውነት ነው፤ ልጁም ከአያቶቹ ጋር ተላምዶ ነበር። የፍርዱን አንደበት ያቀናው ግን ያ ያልተቀባው እንጨት ነው።

ሁለተኛው የፓልሞርና የሲዶቲ ጉዳይ ሲሆን፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 በሙሉ ድምፅ የወሰነው ነው። በፍሎሪዳ የተፋቱ ነጮች ነበሩ፤ ሴት ልጃቸው ከእናቷ ጋር እንድትኖር ተወሰነ። እናቲቱ ከጥቁር ሰው ጋር መኖር ስትጀምርና ኋላም ስታገባው አባትየው ልጄ ትሰጠኝ ሲል አመለከተ። የግዛቲቱ ዳኛ እናቲቱ ልጇን ቸል አላለችም፣ አዲሱም ባሏ የሚነቀፍበት ነገር የለም አለ። ነገር ግን ልጅቱ ትምህርት ቤት ስትገባ ከእኩዮቿ የሚደርስባትን መገለል በመገመት፣ ለልጅቱ ጥቅም ሲባል ለአባቷ ትሰጥ ሲል ፈረደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ሻረ። የሰዎች የግል ጥላቻ ከሕግ ክንድ ውጭ ሊሆን ይችላል፤ ሕግ ግን ለጥላቻው ሎሌ ሊሆን አይገባም የሚለው ፍሬ ሐሳቡ በየሕግ ትምህርት ቤቱ ይነገራል።

እምብዛም የማይነገረው የታሪኩ መጨረሻ ነው። አባትየው በዚህ መካከል ልጅቱን ይዞ ወደ ቴክሳስ ሄዶ ነበር። እናቲቱ በአገሪቱ ትልቁ ችሎት ከረታች በኋላ ልጄን መልሱልኝ ስትል፣ የፍሎሪዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ጉዳዩ አሁን በቴክሳስ ቢታይ ይሻላል ብሎ ጥያቄዋን አልተቀበለም። መርሑ የእርሷ ሆነ፤ ልጅቱ ግን አልተመለሰችላትም። በልጅ ጉዳይ ጊዜ ራሱ ፈራጅ ነው። ክርክሩ ዓመት በፈጀ ቁጥር ልጁ በያዘው ቤት ይለምዳል፤ ልማዱም በተራው «ጥቅሙ» ይባላል። ስለዚህ የዘገየ ፍርድ በመዘግየቱ ብቻ ለአንደኛው ወገን ያደላል።

፫. ቃላችን ወደ ችሎት ሲገባ

እነዚህ ጉዳዮች የሌላ ሕዝብ ታሪክ ናቸው ብሎ የሚያልፍ አንባቢ ቢኖር፣ ያልተቀባውን እንጨት በእኛ ቤት ይፈልገው። በአንድ ክፍል የሚተኙ ሦስት ልጆች፤ ሳሎን ላይ አልጋ የተዘረጋለት ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ፤ ሌሊት መኪና ማቆሚያ የሚጠብቅ አባት፤ በሁለት ፈረቃ አረጋውያን የምትጦር እናት፤ በጾም ወተት የማይነካ ልጅ። ለእኛ እነዚህ ነገሮች ቤተሰብ እንደ ቆመ የሚያሳዩ ናቸው። ቤቱን ጎብኝቶ ለፍርድ ቤት ሪፖርት የሚያቀርበው ባለሙያ ግን መጨናነቅ፣ የወላጅ አለመኖር፣ የምግብ ጉድለት ብሎ ሊመዘግባቸው ይችላል።

ከዓመታት በፊት በአንድ የአሜሪካ ከተማ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ በአስተርጓሚነት ተቀምጬ ነበር። እናቲቱ በተጠየቀች ጊዜ «ልጁን ሁለት ዓመት ለእናቴ ሰጥቼው ነበር» አለች። ይህን ዓረፍተ ነገር የሚሰማ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚገባው አንድ ነገር ነው፤ ልጁ በአያቱ እጅ፣ በቅቤና በተረት፣ ተንከባክቦ አደገ ማለት ነው። አስተርጓሚ ግን የተባለውን ቃል እንጂ ከቃሉ በስተኋላ ያለውን አገር መተርጎም አይፈቀድለትም። «ሰጠሁት» የሚለውን «ሰጠሁት» ብዬ ተረጎምሁ። የተቃራኒ ወገን ጠበቃ ወዲያው ያዘው፤ «ስለዚህ ልጅዎን ለሁለት ዓመት ለሌላ ሰው አሳልፈው ሰጥተዋል?» አላት። በእንግሊዝኛው ልክ ነበር፤ እርሷም «አዎን» አለች። ቃሉ በውሳኔው ውስጥ የእናትነት ጉድለት ማስረጃ ሆኖ ገባ። አያት ማን እንደሆነች የጠየቀ አልነበረም።

«ቀጣሁት» የሚለው ግሣችን ከዚህ የባሰ አደገኛ ነው። ከምክርና ከቁጣ ጀምሮ እስከ አለንጋ ድረስ ያለውን ሁሉ በአንድ ቃል ይሸፍናል። ፍርድ ቤቱ ከእነዚህ የትኛውን እንደ ሰማ አናውቅም። ከዚህ ላይ ግን ለራሳችንም ሳንራራ መናገር ይገባል፤ ቃሉ የሚሸፍነው አለንጋውንም ጭምር ነው። ባህል የተዛባ ትርጉምን ለማቃናት ሊጠራ ይገባል፤ የሕፃን ጀርባ ላይ ያረፈ ዱላን ለመሸፈን ግን ሊጠራ አይገባም። ይህን ልዩነት ካልጠበቅን፣ እውነተኛው ማብራሪያችንም ማመካኛ መስሎ ይታያል።

፬. መገናኘት የማን መብት ነው?

ልጁ ከአንደኛው ወላጅ ጋር ይኑር ከተባለ በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፤ ከሌላው ወላጅ ጋር እንዴት ይገናኝ? በየፍርዱ ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እንደ ሰዓት ቆጠራ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሑድ፣ የበዓል እኩሌታ፣ የክረምት አንድ ወር እየተባለ። ለተሸናፊው ወገን እንደ ካሣ የሚሰጥ ይመስላል። የሕፃናት መብቶች ስምምነት ግን በአንቀጽ 9 የሚያስቀምጠው በሌላ መልክ ነው፤ ከወላጆቹ የተለየ ልጅ ከሁለቱም ጋር በየጊዜው የመገናኘት መብቱ የራሱ የልጁ ነው፤ የሚቀረውም ለእርሱ የማይበጅ ሲሆን ነው።

በዚህ ላይ ሊቃውንቱ ተከራክረዋል። ጎልድስታይን፣ አና ፍሮይድና ሶልኒት እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት የታወቀ መጽሐፍ፣ ልጁን የያዘው ወላጅ ስለ መገናኘቱም ራሱ ይወስን፣ ፍርድ ቤት አይግባበት ብለው ነበር። ምክንያታቸው ልጅ በሁለት የሚጋጩ ሰዎች መካከል ሲመላለስ መጠጊያ ያጣል የሚል ነው። ይህን ያነበበ አባት ይቆጣል፤ ሳይረዳው ግን አይቀርም። እኔ በበኩሌ ችግሩን አይተው መድኃኒቱን የሳቱ ይመስለኛል፤ በጠብ ውስጥ ላለ ሰው የሌላውን በር ቁልፍ መስጠት ጠቡን አያበርደውምና።

የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት የሄደበት መንገድ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2000 በኤልስሆልዝና በጀርመን ጉዳይ፣ አባት ልጁን እንዳያይ የከለከሉት የጀርመን ፍርድ ቤቶች የልጁን የሥነ ልቦና ሁኔታ ባለሙያ እንዲመረምረው ሳያደርጉ፣ ይግባኝ ሰሚውም ወገኖቹን በችሎት ሳይሰማ በመወሰናቸው የአባትየው መብት ተጥሷል አለ። ልጁ ገና ሕፃን ነበር፤ አባቱን ማየት እንደማይፈልግ ተናግሮ ነበር። በ2003 በሶመርፌልድ ጉዳይ ደግሞ ልጅቱ 13 ዓመት ደርሳ፣ ዳኛ በተለያየ ጊዜ በአካል ጠይቋት፣ በአቋሟ ስለጸናች፣ የቤተሰብ ሕይወት መብትን በሚመለከት ክልከላው ብቻውን ጥሰት አይደለም ሲል ወሰነ። ሆኖም ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆችን አባቶች ሕጉ ከሌሎች አባቶች አሳንሶ ማየቱን አድልዎ ነው ብሎ ነቀፈ። ሁለቱን ፍርዶች ጎን ለጎን ላነበባቸው፣ ፍርድ ቤቱ ለአባትም ለእናትም አላደላም። የጠየቀው ስለዚህ ልጅ ምን አጣራችሁ? ማንንስ ሰማችሁ? የሚለውን ነው።

እንዲህ ሲባል መገናኘት ሁልጊዜ በጎ ነው ማለት አይደለም። በእንግሊዝና በዌልስ የፍትሕ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተመው የባለሙያዎች ዘገባ፣ የቤተሰብ ፍርድ ቤቶች መገናኘትን በማንኛውም መንገድ የማስቀጠል ዝንባሌ ስላላቸው በቤት ውስጥ የተፈጸመን ጥቃት አቅልለው እንደሚያዩ አሳይቷል። በሌላ በኩል አሜሪካዊው ሐኪም ሪቻርድ ጋርድነር በ1985 ያስተዋወቀው፣ እናት ልጁን በአባቱ ላይ ታነሣሣዋለች የሚለው ንድፈ ሐሳብ እጅግ አከራካሪ ሆኖ ሳለ፣ በደልን የተናገረች እናት ራሷ ተከሳሽ እንድትሆን አድርጓል። ልጅን በወላጁ ላይ የሚያነሣሣ ሰው በእርግጥ አለ፤ ይህን በሐሰት የሚከሰስም አለ። ሁለቱን የሚለየው ፍሬ ነገርን መርምሮ ማግኘት እንጂ ንድፈ ሐሳብ አይደለም።

፭. ወደ አገር ቤት ስንመለስ

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 113 ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መነሻ አለው። ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ሲወስን ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ስለ ትምህርታቸው፣ ስለ ጤንነታቸው፣ ስለ ቀለባቸው፣ እንዲሁም ወላጆችና ልጆች እርስ በርሳቸው ስለሚጠያየቁበት መብት አብሮ እንዲወስን ያዝዛል። «እርስ በርስ» የሚለው አሳብ ትልቅ ነው፤ ልጁን ተጠያቂ ብቻ ሳይሆን ጠያቂም ያደርገዋል።

በአንቀጹ ላይ ያለኝ ነቀፋ በመመዘኛዎቹ ላይ ነው። ዳኛው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የኑሮ ሁኔታ፣ ከልጆቹ ዕድሜና ጥቅም ጋር እንዲያይ ይነገረዋል። ገቢ ልጅን ለማን ለመስጠት መመዘኛ የሚሆነው ለምንድን ነው? ሕጉ ቀለብ የሚባል መሣሪያ የፈጠረው፣ ገንዘብ ያለው ወላጅ ልጁ ወዳለበት ቤት ገንዘቡን እንዲልክ ነበር። ገቢ ልጁን የሚስበው ከሆነ፣ ለዓመታት ቤት የጠበቀችውና በዚሁ ምክንያት ደመወዝ የሌላት እናት ሁለት ጊዜ ትቀጣለች። ሐረጉ የያዘው አደጋ በእኛም ሕግ ውስጥ የሚታየው ከዚህ ላይ ነው፤ የባለጸጋው ቤት ለልጁ «ይጠቅማል» ማለት ይቀላልና።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ በዚህ ረገድ ከተሰጡት ሁሉ የታወቀው ነው። በደቡብ ክልል የተነሣ የሞግዚትነት ክርክር ነበር፤ እናቱ የሞተችበትን ልጅ በአንድ ወገን አባቱ፣ በሌላ ወገን ያሳደገችው አክስቱ ይጠይቁታል። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ በሕይወት ላለው ወላጅ ያደላል። ችሎቱ ግን አባትየው ልጁን ሳይንከባከብ መኖሩን አይቶ፣ ሕገ መንግሥቱንና ዓለም አቀፉን ስምምነት በቀጥታ ጠቅሶ ለአክስቲቱ ወሰነ። የሰበር ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል።

ውሳኔውን እደግፋለሁ፤ የተጻፈ አንቀጽ ለማይንከባከብ አባት ልጅ በራሱ ጊዜ ሲያስረክብ፣ ችሎቱ ማን እንዳሳደገው ጠይቋልና። ሆኖም ድጋፌ ከማስጠንቀቂያ ጋር ነው። ሐረጉ የተጻፈ ሕግን ሊያሸንፍ እንደሚችል ከታወቀ፣ ከዚያ ወዲያ ልጓሙ የፍሬ ነገር ምርመራ ብቻ ነው። በዚያ መዝገብ ፍሬ ነገሩ ነበረ። በሌላ መዝገብ ፍሬ ነገሩ ሳይኖር፣ ውሳኔው ብቻ እንደ ማኅተም ቢመታ፣ ዳኛው እንደ ወደደ የሚፈርድበት በር ይከፈታል።

፮. ድንበር ሲመጣና ሽማግሌ ሲመጣ

በስደት ያለ ቤተሰብ ሲለያይ ሌላ ችግር ይጨመራል፤ ፍርድ ድንበር አይሻገርም። ያለ አግባብ ከአገር የተወሰደ ልጅ በፍጥነት እንዲመለስ የሚደነግገውን የ1980ውን የሄግ ስምምነት ኢትዮጵያ አልተቀበለችም። በአሜሪካ በሞላ ጎደል ሁሉም ግዛቶች የተቀበሉት የ1997ቱ ወጥ ሕግ፣ በመሠረቱ ልጁ ላለፉት ስድስት ወራት የኖረበት አገር ፍርድ ቤት እንዲወስን ያደርጋል፤ የውጭ አገርንም ውሳኔ፣ መሠረታዊ ሰብዓዊ መብትን የማይጥስ እስከሆነ ድረስ፣ እንደ ግዛት ውሳኔ ያያል። በአንጻሩ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የእኛ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 458 የውጭ ፍርድ እንዲፈጸም፣ ያ አገርም የኢትዮጵያን ፍርድ የሚፈጽም መሆኑን ይጠይቃል። ይህ መመዘኛ ለገንዘብ ዕዳ ይስማማ ይሆናል። የአንድ ልጅ አባቱን ወይም እናቱን የማየት ዕድል በሁለት መንግሥታት ውለታ መመላለስ ላይ እንዲንጠለጠል ማድረግ ግን የሚደገፍ አይደለም። የዚህ ውጤት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ አንዱ ወላጅ ልጁን ይዞ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ሊሄድ ሲነሣ፣ ሌላው በፍርሃት ፓስፖርቱን ይደብቃል፤ በዚህም ሳቢያ ልጁ አያቱን ሳያይ ያድጋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የገዛ ራሳችን ተቋም ነው። በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም ባልና ሚስት ሲጣሉ ከዳኛ በፊት የሚጠራው ሽማግሌ ነው። ሽምግልና ፍርድ ቤት የሌለው ሀብት አለው፤ ቤቱን ያውቀዋል፤ አያት ማን እንደሆነች አይጠይቅም። ነገር ግን ሽማግሌዎቻችን ብዙ ጊዜ የሚመጡት «ለልጆቻችሁ ስትሉ ታረቁ» ለማለት ነው። በዚህ ቃል ስንት የተመታች ሴት ወደ ቤቷ እንደ ተመለሰች፣ ስንት አባትስ ቅሬታውን ውጦ ከልጆቹ በዝምታ እንደ ራቀ መናገር ያሳዝናል። «ለሕፃኑ ጥቅም ሲባል» የሚለው የዳኛው ሐረግና «ለልጆቻችሁ ስትሉ» የሚለው የሽማግሌው ሐረግ ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁለቱም ልጁን ሳይጠይቁ በልጁ ስም ይናገራሉ። ከዚያም ዕርቁ ሳይሰምር ሲቀር ማኅበሩም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ዕድሩም የባል ወገንና የሚስት ወገን ሆኖ ይከፈላል፤ ልጁ በሰንበት ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ የማን ወገን እንደሆነ ይማራል።

ሽማግሌዎቻችን ከዚህ የተሻለ ሊሠሩ ይችላሉ። ባልና ሚስት መለያየታቸው ቁርጥ ከሆነ፣ በመካከላቸውም ጥቃት ከሌለ፣ ዕርቅን ትተው ስለ ልጁ ስምምነት ያስጽፉ፤ ስምምነቱንም ፍርድ ቤት እንዲያጸድቀው ያቅርቡት። በዚያ ስምምነት ውስጥ ከሰዓት ቆጠራ ሌላ፣ የትኛውም ዳኛ ሊያስበው የማይችለው ነገር ይግባ፤ ልጁ ከአያቱ ጋር በስልክ የሚነጋገርበት ቀን፣ አማርኛ የሚማርበት ቤት፣ ጥምቀትንና ፋሲካን ወይም ኢድን ከማን ጋር እንደሚያከብር። በሁለት ቤት የሚያድግ ልጅ ቋንቋውን በሁለቱም ቤት ካልሰማው በአንዱ ቤት ይዞት ሊቆይ አይችልም። ቋንቋውን ካጣ ደግሞ፣ የመገናኘት ትእዛዝ በእጁ ቢኖርም፣ ከግማሹ ዘመዱ ጋር የሚገናኝበት መንገድ የለውም።

እንግዲህ በዚህ ጉዳይ የሚጻፍ ማንኛውም ፍርድ በእጃችን ሲገባ፣ ማን ረታ ከማለታችን በፊት ሦስት ነገሮችን ልንፈልግበት ይገባል። አንደኛ፣ ዳኛው ስለዚህ ልጅ፣ ስለ ሌላ ልጅ ሊባል የማይችል ምን ነገር አግኝቷል? ሁለተኛ፣ «መደበኛ ኑሮ» ብሎ የመዘነበት ሚዛን የማን ቤት ነው? ሦስተኛ፣ የመገናኘቱ ትእዛዝ ባይፈጸም ልጁ ራሱ ወደ ማን ይጮኻል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ፍርድ፣ ለአባት ቢፈርድም ለእናት ቢፈርድም፣ ያው ጉድለት አለበት።

እነዚህ መዝገቦች ለዘለዓለም ተዘግተው አይቀሩም። ልጁ ሃያ ዓመት ሞልቶት አንድ ቀን የወላጆቹን መዝገብ ሊጠይቅ ይችላል። በዚያን ጊዜ የዳኛውን፣ የጠበቆቹን፣ የአስተርጓሚውንም ቃል ያነባል። እኔ የተረጎምሁትን ያን «ሰጠሁት» የሚል ቃል አንድ ወጣት በአንድ ቦታ ያነበው ይሆናል። አያቱን ካላወቃት፣ እናቱ እንደ ተወችው ያምናል።